ቤ 1፦ ከአኽን እስከ ኦደር ወንዝ፣ የጀርመን አንደኛ ቁጥር መንገድ

የዶርትሙንዱ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ዶርትሙንድ ከገባሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ቤቴ ከቤ 1 ብዙ አይርቅም፤ ሌሊት መስኮት ከከፈትኩ የምሰማው እሷን ነው። ጀርመኖቹ «ቤ አይንስ» ይሏታል። ይህን ሁሉ ዓመት ለሥራ ስመላለስባት ከየት ተነስታ የት እንደምትደርስ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ባለፈው ሐምሌ ዕረፍት ወስጄ ከሆላንድ ድንበር እስከ ፖላንድ ድንበር ነዳሁባት። በአውቶባን አንድ ቀን የሚበቃው ጉዞ ሦስት ቀን ወሰደብኝ። ያየሁትን ልጻፍ፤ የምታውቁ ጨምሩበት፣ የተሳሳትኩትንም አርሙኝ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እዚህ አገር ለማይኖሩ፦ ሰማያዊ ታፔላ ያለው አውቶባን ነው። ቢጫ ታፔላ ላይ ቁጥሩ በጥቁር የተጻፈው ቡንደስሽትራሰ፣ የፌዴራል መንገድ ማለት ነው። አውቶባን ከተማን ሸሽቶ ያልፋል። ቢጫዋ ግን ከተማ መሃል ይዛህ ትገባለች፤ መብራት ያስቆምሃል፣ ከዳቦ ቤት ደጃፍ ታልፋለህ፣ ገጠር ስትወጣ ደግሞ ትራክተር ተከትለህ ትሄዳለህ።

አገር አቋራጭ መንገዶች ቁጥር የወጣላቸው በ1932 ነው። አንድ ቁጥር ለዚህች ደረሳት፤ በ1934 «ራይክስሽትራሰ 1» ተባለች። ያኔ ከአኽን ተነስታ፣ በርሊንን አቋርጣ፣ እስከ ኮኒግስበርግ ከዚያም አልፋ እስከ ሊትዌኒያ ድንበር ትደርስ ነበር። ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑ ነው። ዛሬ የጀርመኗ ቤ 1 ኦደር ወንዝ ላይ ታልቃለች። ኮኒግስበርግም የሩሲያዋ ካሊኒንግራድ ሆናለች።

ጉዞው የሚጀመረው አኽን ዳር፣ የሆላንዷ ፋልስ አጠገብ ነው። ኬላ የለም፤ የታፔላው መልክ ብቻ ይለወጣል። ዩሊሽ ድረስ በደንብ ትሄዳለች፣ ከዚያ ቁጥሩ ይጠፋል። ጎግል ላይ ብትፈልጉ የለም። እንደገና የምትገኘው ዱሰልዶርፍ ላይ ነው፤ ራይን ዳር ስትደርስ መሬት ውስጥ ትገባለች። ዋሻው በ1993 ተከፈተ። ድሮ መኪና ይተራመስበት በነበረው የወንዝ ዳርቻ ዛሬ ሰው ልጁን በጋሪ እየገፋ ይንሸራሸራል። አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጬ አየሁት። ከእግሬ ሥር ያ ሁሉ መኪና እያለፈ ላዩ ላይ የሚሰማው የሰው ጨዋታ ብቻ ነው።

ከባድ መኪና፦

ወንድሜ፣ ጽሑፍህ ደስ ይላል። እኔ ግን ቢጫዋን መንገድ በእንጀራዬ ነው የማውቃት። ከ7.5 ቶን በላይ የምንነዳ ከከተማ ውጭ በተራ የፌዴራል መንገድ የተፈቀደልን 60 ብቻ ነው፤ አውቶባን ላይ 80። አንተ በቤት መኪናህ 100 ስትነዳ እኛ ከኋላችን ሰልፍ አስከትለን እንሄዳለን፤ የሚቀድመን ሁሉ ጡሩንባ እየነፋ ያልፋል። ድሮ አንዳንዱ ሾፌር የአውቶባን ክፍያ ለማምለጥ በቢጫዋ ይሄድ ነበር። ከጁላይ 2018 ወዲህ ግን የጭነት መኪና ክፍያ በፌዴራል መንገዶችም ላይ ሁሉ ተጀመረ፣ ከጁላይ 2024 ደግሞ ከ3.5 ቶን በላይ ያለውንም ጨመሩት። አሁን በቤ 1 የምንገባው የምናራግፈው ዕቃ እዚያው መንገድ ዳር ሲሆን ብቻ ነው።

ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ከኤሰን እስከ ዶርትሙንድ ያለው አ 40 እኮ አውቶባን ነው። እሱን እንደ ቤ 1 ቆጥረህ ነው የነዳኸው?

የዶርትሙንዱ፦

ጥያቄህ ትክክል ነው። ሰማያዊ ታፔላ አለው፣ በሕግ አውቶባን ነው። መንገዱ ግን ያው የድሮዋ ቤ 1 ናት። በሩር አካባቢ የከሰል ጉድጓዱና የብረት ፋብሪካው አንዱን ከተማ ከሌላው ጋር አጣብቆት ስለነበር፣ ከ1920 በኋላ የአካባቢው የፕላን ማኅበር ከዱይስቡርግ እስከ ዶርትሙንድ የሚዘልቅ ሰፊ መንገድ ማዘጋጀት ጀመረ። በኋላ «ሩርሽኔልቬግ»፣ የሩር ፈጣን መንገድ አሉት። እየሰፋ እየሰፋ ሄዶ አውቶባን ተደረገ፤ ከ1992 ጀምሮ ቁጥሩ አ 40 ነው። ከመጨናነቁ የተነሳ የአገሩ ሰው «ሩርሽላይኽቬግ» ይለዋል፣ ሰው የሚንፏቀቅበት የሩር መንገድ እንደማለት።

ዶርትሙንድ ሲገባ ደግሞ እንደገና ቢጫ ይሆናል። ግራና ቀኙ ትልልቅ ዛፍ ነው፤ በየመገናኛው ቀይ መብራት አለ፤ በአንድ ወገን የቬስትፋለን አዳራሾችና ከ81,000 በላይ ተመልካች የሚይዘው ስታዲየም ይታያሉ። ጨዋታ ባለበት ቅዳሜ ቢጫ ማልያ የለበሰ ሕዝብ መንገዱን ሲሻገር መኪናው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። የከተማው ሽማግሌዎች ዛሬም አ 40 አይሉም፤ እስከ ኤሰን ድረስ «ቤ አይንስ» ነው የሚሉት። እኔም እነሱን ተከትዬ ነው የቆጠርኩት።

የኤሰኗ፦

ስለ አ 40 ከተነሳ እኔም ልናገር። እኔ የምሳፈርበት የባቡር ጣቢያ አውቶባኑ መሃል ላይ ነው። ዩ 18 የሚባለው ባቡር ከኤሰን ወደ ሙልሃይም ሲሄድ በሁለቱ አቅጣጫ መካከል ነው የሚያልፈው። ቪከንቡርግሽትራሰ ጣቢያ ላይ ቆሜ ስጠብቅ ከፊቴም ከኋላዬም መኪና ይበርራል። ስልክ ማናገር አይቻልም። ክረምት ላይ ጨው የተረጨበት የበረዶ ውሃ እየተፈናጠቀ ጫማ ድረስ ይመጣል። መጀመሪያ ሰሞን ይጨንቀኝ ነበር፣ አሁን መጽሐፍ አነብበታለሁ።

እናንተ ያልነገራችሁት ቀን ግን አለ። ጁላይ 18 ቀን 2010። ሩር የአውሮፓ የባህል ከተማ በነበረበት ዓመት ይህን መንገድ ከዱይስቡርግ እስከ ዶርትሙንድ ዘጉት፤ 60 ኪሎ ሜትር ያህል። በአንዱ አቅጣጫ 20,000 ጠረጴዛ ተደረደረ፣ ሌላው ለብስክሌትና ለእግረኛ ተለቀቀ። ሦስት ሚሊዮን ሰው ወጣ ተባለ። እኛም ጓደኛሞች ሆነን ምግብ ቋጥረን ሄድን። ፀሐዩ ከባድ ነበር። አንዲት ጀርመናዊት አሮጊት እንጀራችንን እንዴት እንደምንበላ አይታ በእጇ ሞከረች። ባለቤቷ የማዕድን ሠራተኛ እንደነበር፣ በዚህ መንገድ ዕድሜውን ሙሉ እንደተመላለሰ ነገረችን። አስፋልቱን በእጄ ነካሁት። ያ ሁሌ የማየው አስፋልት እንደዚያ የሚሞቅ አይመስለኝም ነበር።

የዶርትሙንዱ፦

የኤሰኗ፣ ይህን ስለጻፍሽ አመሰግናለሁ። እኔ ያኔ እዚህ አልነበርኩም፤ የሥራ ጓደኞቼ ግን ዛሬም ያንን እሑድ ያነሱታል።

ከዶርትሙንድ ወደ ምሥራቅ ያለው ክፍል ከሁሉ የቆየው ነው። መካከለኛው ዘመን ላይ «ሄልቬግ» ይባል ነበር፤ ከራይን ወንዝ ተነስቶ ፓደርቦርን የሚደርስ የነጋዴና የሠራዊት መንገድ። ስፋቱ የአንድ ፈረሰኛ ጦር ርዝመት ያህል ሁልጊዜ ክፍት መሆን ነበረበት ይባላል። ዶርትሙንድ ከተማ መሃል የምንገበያይባቸው ቬስተንሄልቬግና ኦስተንሄልቬግ የዚያ መንገድ ቁራጮች ናቸው። አሥር ዓመት ጫማ ስገዛበት ስሙን ልብ አላልኩትም።

ይህን መንገድ ያኖረው ጨው ነው። ኡና፣ ቬርል፣ ዞስት፣ ዛልትስኮተን ሁሉም የጨው ምንጭ የነበራቸው ከተሞች ናቸው። ዛልትስኮተን የሚለው ስም ራሱ «የጨው ጎጆዎች» ማለት ነው። ጨዋማውን ውሃ በሰፋፊ የብረት ድስት እያፈሉ ጨው ያወጡ ነበር። ዞስት ላይ ወርጄ በእግሬ ዞርኩ፤ አብያተ ክርስቲያናቱ የተሠሩት ከአረንጓዴ ድንጋይ ነው። ፎቶ ላይ ግራጫ ይመስላል፣ ቀርበው ሲያዩት ግን የእውነት አረንጓዴ ነው። ፓደርቦርን ደግሞ የፍራንኮች ንጉሥ ካርል ታላቁ በ799 ከሮም የሸሸውን ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ ሦስተኛን የተቀበለበት ነው። በዓመቱ ሮም ላይ ካርልን ዘውድ የጫነለት እሱ ነው። ከፓደርቦርን በኋላ ሃመልን፣ ሂልደስሃይም፣ ብራውንሽቫይግ ይመጣሉ፤ እነዚያን ቶሎ ነው ያለፍኳቸው።

ሄልምሽቴት ላይ ግን ቆምኩ። በክፍፍሉ ዘመን የምዕራቡና የምሥራቁ ድንበር እዚያ ነበር። ዋናው የመተላለፊያ ኬላ አውቶባኑ ላይ ማሪየንቦርን ነበር፤ የቀድሞዋ ቤ 1 ግን በአጥር ተቆርጣ ቀረች። በዚያ የድሮ ድንበር ላይ በብዙ መንገድ ዳር ቡናማ ታፔላ ተተክሏል፤ ጀርመንና አውሮፓ እዚህ ቦታ ላይ እስከ ምን ቀንና ሰዓት ድረስ ተከፍለው እንደነበር ይናገራል። ምሥራቁ ወገን ያለው ክፍል «ኤፍ 1» ይባል ነበር። አንድ መንገድ፣ ሁለት ስም።

የማግደቡርግ ተማሪ፦

ማግደቡርግን እንዳትዘልሉብኝ። ቤ 1 እዚህም ታልፋለች። ካቴድራሉ ውስጥ ንጉሠ ነገሥት ኦቶ ቀዳማዊ ተቀብሯል፤ እኔን ግን መጀመሪያ ቀን ያስቆመኝ ሌላ ነገር ነው። በ1240ዎቹ አካባቢ ከአሸዋ ድንጋይ የተቀረጸ የቅዱስ ሞሪስ ሐውልት አለ። ቅዱሱ ከግብፅ ቴቤስ የመጣ የሮም ጦር አዛዥ ነበር ተብሎ ይታመናል፤ የዚህ ካቴድራል ጠባቂ ቅዱስ ነው። ቀራጩ ጥቁር አፍሪካዊ አድርጎ ነው የሠራው። ሰፊ አፍንጫ፣ ወፍራም ከንፈር፣ ፊቱን ከብቦ የብረት ጥልፍ ልብስ። እግሮቹ ተሰብረው ጠፍተዋል። ስምንት መቶ ዓመት ገደማ ያለፈው ሥራ ነው። እናቴ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ወሰድኳትና ፊት ለፊቱ ቆማ ዝም አለች፤ ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ተሳለመች። የጥበቃው ሰው አይቶ በአክብሮት ራቅ አለ።

ሽማግሌው የበርሊን፦

ልጆቼ፣ ጥሩ ወግ ይዛችኋል። እኔ በ1983 ምዕራብ በርሊን ነው የመጣሁት። ስለ ግሊኒከ ድልድይ ማንም ሳይናገር እንዳያልፍ ብዬ ነው የምጽፈው።

ቤ 1 ከፖትስዳም ወደ በርሊን የምትገባው በዚህ ድልድይ ነው። በፕሩሲያ ዘመን፣ በ1790ዎቹ፣ በበርሊንና በፖትስዳም መካከል ጥርብ መንገድ ተሠርቶ ነበር፤ ያሁኑ የብረት ድልድይ የቆመው በ1907 ነው። በጦርነቱ ማብቂያ ፈርሶ በ1949 ሲጠገን የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት «የአንድነት ድልድይ» አለው። ወዲያው ግን መሃሉ ላይ ድንበር ሆነ። በ1952 ለእኛ ለምዕራቡ ወገን ተዘጋ፤ በ1961 ግንቡ ሲሠራ ለእነሱም ተዘጋ። የሚያልፉበት የአራቱ ኃያላን ወታደራዊ ልዑካን ብቻ ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ እስከ ዳር ሄጄ እቆም ነበር። ድንበሩን የሚያሳየው ነጭ መስመር ድረስ እንኳን መሄድ አይፈቀድም ነበር።

ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1962 ሶቪየቶች የጣሉትን የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላን የዩ 2 አብራሪ ፓወርስን ከሶቪየቱ ሰላይ አቤል ጋር የተለዋወጡት እዚያ ነው። በ1985 ደግሞ ከ20 የሚበልጡ እስረኞችን በአራት ሰላዮች ለወጡ። ያንን ቀን ከወዲያኛው ዳር አውቶቡስ ሲመጣ ከሩቅ ያዩ ሰዎች ነግረውኛል። እኔ ያየሁት የመጨረሻውን ነው፤ ኖቬምበር 10 ቀን 1989፣ ማታ። ግንቡ በተከፈተ ማግስት ድልድዩ ተከፈተ ሲባል ሥራ ጥዬ ሄድኩ። ብርድ ነበር። ከፖትስዳም በኩል ሰው በእግሩ እየመጣ፣ ከእኛ በኩል ሰው እየሄደ መሃል ላይ ይተቃቀፋል። አንድ የማላውቀው ሰው አቅፎኝ አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ። ዛሬ ሄዳችሁ ብታዩት የድልድዩ ሁለት ግማሾች አረንጓዴ ቀለማቸው አንድ አይደለም፤ አንደኛው ደመቅ ይላል፣ ሌላው ጠቆር። የድሮው መሃል የቱ ጋ እንደነበር በዓይን ይለያል።

ሃይፋ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከእስራኤል ነው የምጽፈው። በፌብሩዋሪ 1986 በዚያው ድልድይ የወጣው የሶቪየት አይሁዳዊው የመብት ታጋይ አናቶሊ ሻራንስኪ ነው፤ ከሶቪየት እስር ቤት ዘጠኝ ዓመት በኋላ። እዚህ መጥቶ ናታን ተባለ። እኛ ቤተ እስራኤሎች ደግሞ በሌላ እናውቀዋለን። ከ2009 እስከ 2018 የሶኽኑት፣ ማለትም የአይሁድ ኤጀንሲ፣ ሊቀመንበር እሱ ነበር። «የእርግብ ክንፍ» የተባለው ዘመቻ በኦገስት 2013 ሲጠናቀቅ ከጎንደር የመጡትን የተቀበላቸው እሱ የሚመራው ድርጅት ነው። የአክስቴ ልጆች በዚያ ጊዜ ነው የገቡት። ሻራንስኪ ድልድዩ ላይ ሲሄድ ዚግዛግ እየረገጠ ሄደ የሚባለውን ሰምቻለሁ፤ ስለ መንገዱ ስታወሩ እሱ ትዝ አለኝ።

ሽማግሌው የበርሊን፦

ልጄ፣ ዚግዛጉ እንኳን ድልድዩ ላይ አይደለም። ከሞስኮ የመጣበት አውሮፕላን ምሥራቅ ጀርመን ሲያርፍ ነው። «ቀጥ ብለህ ወደዚያች መኪና ሂድ» ሲሉት ጠማማ እየረገጠ ሄደ። ለኬጂቢ አንድ ጊዜም እሺ አልልም ብሎ ነው። ከድልድዩ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። የአክስትሽ ልጆች በሰላም መግባታቸው ግን አስደስቶኛል።

የዶርትሙንዱ፦

ጋሼ፣ ስለ ቀለሙ አላወቅሁም ነበር። ሁለት ጊዜ ተሻገርኩት፣ አላየሁትም። ተመልሼ እሄዳለሁ።

በርሊን ውስጥ ቤ 1 ፖትስዳመር ፕላትስ ላይ ታልፋለች። በ1924 ዲሴምበር ላይ የትራፊክ መብራት ማማ ተተክሎ ነበር፤ አምስት መንገድ ስለሚገናኝ ማማውም አምስት ማዕዘን ነው። ሕንፃው ላይ አንድ ፖሊስ ተቀምጦ መብራቶቹን በእጁ ይቆጣጠር ነበር። ያሁኑ ቅጂ ነው። በ1961 አደባባዩ ባዶ ሜዳ ሆነ፣ ግንቡ መሃሉን ቆረጠው። ላይፕሲገር ሽትራሰ ላይ የአንድ ሐውልት የመሰለ ድንጋይ ቅጂ አለ፤ የድሮው ድንጋይ ከበርሊን ተነስቶ የሚቆጠረው የፕሩሲያ ማይል መነሻ ነበር። አንዱ ማይል ከ7.5 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል።

የካርል ማርክስ አሌው፦

ከአሌክሳንደርፕላትስ ወደ ምሥራቅ ያለውን ለእኔ ተዉልኝ፤ ቤቴ እዚያው ነው። ቤ 1 እና ቤ 5 አንድ ላይ ሆነው በካርል ማርክስ አሌ ያልፋሉ። በ1950ዎቹ ስታሊን አሌ ይባል ነበር። ሰፊ፣ ሁለቱም ዳር በሴራሚክ የተለበጡ ቤተ መንግሥት የመሰሉ የሠራተኛ መኖሪያዎች። የሠሩት ግንበኞች ናቸው በጁን 1953 ሥራ ጥለው የወጡት፤ መንግሥት በተመሳሳይ ደሞዝ ተጨማሪ ሥራ ስለጠየቃቸው ነው። ጁን 17 ቀን አመፁ በመላ ምሥራቅ ጀርመን ተነሳ፣ የሶቪየት ታንክ ወጥቶ አፈነው። ጎዳናው ስሙ የተለወጠው በኖቬምበር 1961 ነው፣ የስታሊንም ሐውልት በሌሊት ተነሳ። ማታ ማታ ከሥራ ስገባ የመብራቱ ረድፍ እስከ ፍራንክፉርተር ቶር ሁለት ማማዎች ድረስ ይዘረጋል። በርሊን ውስጥ ከዚህ የሚያምር ጎዳና የለም ብዬ ነው የማምነው።

የዶርትሙንዱ፦

እስማማለሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት በዚያ ነው የወጣሁት። ሙንሸበርግን አልፈህ ዜሎቭ ላይ መንገዷ ከኮረብታ ላይ ትወርዳለች። ከታች የኦደር ቆላ ነው፤ ዝርግ፣ ዛፍ የጎደለው። ኤፕሪል 16 ቀን 1945 ንጋት ላይ የሶቪየቱ ማርሻል የዙኮቭ ጦር ይህን ኮረብታ ከታች ወደ ላይ አጠቃ፤ ወደ በርሊን የምትወስደው አጭሯ መንገድ ይህችው ነበረች። ጀርመኖቹን ዓይን ለማሳወር መፈለጊያ መብራት አበሩ፣ ጭሱና አቧራው ግን መልሶ የራሳቸውን ሰው አደናገረ። ኮረብታው ላይ የነሐስ ወታደር ቆሟል፣ ከሥሩ መቃብር። የተወለዱበትን ዓመት እያየሁ ዞርኩ። 1925፣ 1926።

ከዚያ ኪውስትሪን ኪትስ፣ ከዚያ ድልድይ። የጀርመን ቤ 1 እዚያ ታልቃለች። ከወንዙ ማዶ ያለው የኪውስትሪን አሮጌ ከተማ ዛሬ የፖላንዷ ኮስትሺን ክፍል ነው። በ1730፣ በኋላ የፕሩሲያ ንጉሥ የሆነው ፍሪድሪሽ ገና ልዑል ሳለ፣ አባቱ አስሮት የወዳጁን የካተን አንገት ያስቆረጠበት ምሽግ እዚህ ነበር። በ1945 ከተማው ሙሉ በሙሉ ወደመ፤ መልሶ የሠራው የለም። ድንጋይ የተነጠፈበት መንገድ አለ፣ የእግረኛው ዳር ድንጋይ አለ፣ ወደ ቤት የሚያስገቡ ሦስት አራት ደረጃዎች አሉ። ከደረጃው በላይ ሣር ነው። አንድ ደረጃ ላይ ወጥቼ ቆምኩ፤ ከፊቴ የነበረው በር የት እንደነበር መገመት ብቻ ነው የሚቻለው።

ከባድ መኪና፦

ከዚያ ወዲያ እኔ አለሁ። ፖላንድ ውስጥ ቁጥሩ 22 ይሆናል፣ ጎዙፍንና ኾይኒትሰን አድርጎ ማልቦርክ ይደርሳል። ፖላንዶቹ «በርሊንካ» ይሉታል። ማልቦርክ ላይ ድልድዩን ስትሻገር የቴውቶን ፈረሰኞች፣ የመካከለኛው ዘመን የጀርመን መስቀል ጦረኞች፣ ቀይ የሸክላ ግንብ ወንዙ ዳር ሙሉ ይታያል። ከኤልብሎንግ አልፎ የሩሲያ ድንበር ላይ ይቆማል። ስንት ጊዜ ጭኜ ሄጄበታለሁ፣ ከዶርትሙንዷ መንገድ ጋር አንድ መሆኑን ያወቅሁት ዛሬ ነው። የሚቀጥለው ጭነቴ ለኤልብሎንግ ነው፣ ማክሰኞ እነሳለሁ። ከኮስትሺን ጀምሮ ፎቶ እያነሳሁ እዚሁ እለጥፋለሁ።